ያውቁ ኖሯል? ከጨንቻ ቁልቁለት እስከ በረዶ ጫፍ፦ አጫጭር ስኪዎች፣ ተንሸራታቾችና ካሜራዎቻቸው

ከአርባ ምንጭ ተነሥተው ጨንቻ እስኪደርሱ ከ1,400 ሜትር በላይ ሽቅብ እንደሚወጡ ያውቁ ኖሯል? መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! ሲነሡ ሸሚዝዎ በላብ ይርሳል፤ ሲደርሱ ጋቢ ያምርዎታል!

ዱባይ ውስጥ በጣሪያ ሥር የተሠራው ዝነኛ የበረዶ መንሸራተቻ ከፍታው 85 ሜትር ገደማ ነው። የጨንቻ ቁልቁለት ከእሱ 16 እጥፍ ይበልጣል! የጨንቻ አገር ለሆነችው ለጋሞ የጎደላት በረዶው ብቻ ነው!

አርባ ምንጭ ከተማዋም ራሷ ቁልቁለት ናት! ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። ከሴቻ ወደ ሲቀላ በብስክሌት ለሚወርድ ሰው ፍሬን እንጂ ፔዳል ብዙም አያስፈልገውም!

ነጭ ሜዳ ካማረዎትስ? ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አለልዎት! ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳው የሚነጣው በሣር ነው፤ የሜዳ አህያም ይጋልብበታል!

አሁን ወደ በረዶው እንውጣ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይቁጠሩልኝ።

ስኪቦርድ የሚባል ነገር ሰምተው ያውቃሉ? እንደ በረዶ መንሸራተቻው ስኪ በሁለት እግር ይጫማሉ፤ ርዝመቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር አይበልጥም! የአዋቂ ሰው መደበኛ ስኪ ከ160 እስከ 180 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይኸኛው ግማሹን ቢያክል ነው!

የጋሞ እንሰት ቅጠል 5 ሜትር ሊረዝም እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? አምስት ስኪቦርድ ጫፍና ጫፍ ቢቀጣጠል አንድ የእንሰት ቅጠል ላይ ይተኛል!

ስኪቦርደር ምርኩዝ አይዝም! ሁለቱም እጆቹ ነፃ ናቸው። ታዲያ በነፃው እጅ ምን ይያዛል? ካሜራ!

የስኪቦርድ ፊቱም ኋላውም ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት እንደሚሄዱት ሁሉ ወደ ኋላም ይሄዱበታል! አየር ላይ ተሽከርክረው ጀርባቸውን ሰጥተው ያርፋሉ፤ ጀርባቸውን እንደሰጡም ይቀጥላሉ!

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኦስትሪያው ክናይስል ኩባንያ አንድ አጭር ስኪ አወጣ። ስሙ ቢግፉት! ጫፉ ላይ ምን ተቀርጾበት ነበር መሰልዎት? አምስት የእግር ጣቶች! ሰዎች የግዙፍ ፍጡር እግር ተጫምተው ተራራ ይወርዱ ነበር!

ከዚያ በፊትም አጭር ስኪ ነበር! የአልፕስ ተራራ ወጪዎች ፊርንግላይተር የሚባል፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ጥንጥዬ ስኪ ይዘው ይወጡ ነበር። ሲወጡ ይሸከሙታል፤ ሲወርዱ ይሸከማቸዋል!

አሜሪካዊው ክሊፍ ቴይለር ደግሞ ጀማሪዎችን በአጭር ስኪ ማስተማር ጀመረ። መጀመሪያ በጣም አጭሩን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ ረጅሙን! በ1960ዎቹ ትምህርት ቤቶች ዘዴውን ተቀበሉት። ዕድሜ ልካችንን እንፈራዋለን ያሉ ሰዎች በጥቂት ቀን ተራራ ወረዱ!

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ላይን የተባለው የስኪ ኩባንያ የተወለደው የት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በወላጆች ጋራዥ ውስጥ! ጄሰን ሌቨንታል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ለትምህርቱ ብሎ አጭር ስኪ ነደፈ። በ1995 ኩባንያ ሆነ። እንጨቱን የሚቆርጠው ራሱ፣ የሚያጣብቀው ራሱ፣ ተጫምቶ የሚዘለው ራሱ! እኔ በበኩሌ ከዚህ ስፖርት ታሪክ ሁሉ ይህን እወዳለሁ፤ ፋብሪካ እስኪሠራለት ያልጠበቀ ልጅ!

በ1998 ስኪቦርድ ኤክስ ጌምስ የተባለው የስፖርት ውድድር ውስጥ ገባ! የመጀመሪያውን ወርቅ የወሰደው ማይክ ኒክ ነበር። በላይን ስኪቦርድ! ከጋራዥ እስከ ወርቅ ሦስት ዓመት ብቻ!

ከ2000 በኋላ ግን ኤክስ ጌምስ ስኪቦርድን ከውድድሩ አወጣው። በሦስት ዓመት ገብቶ ወጣ! ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ቀስ በቀስ ፊታቸውን አዞሩ። ስፖርቱ ሞተ? አልሞተም! ተንሸራታቾቹ ራሳቸው መሥራት ያዙ፤ ራሳቸው መሸጥ ያዙ፤ ራሳቸው መቅረጽ ያዙ! አሁንም በየዓመቱ ተጠራርተው አንድ ተራራ ላይ ይገናኛሉ!

የዛሬ ስኪዎች ሁለቱም ጫፋቸው የተቀለበሰ መሆኑ ለዓይን ተለምዷል። መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ግን ያ አጭሩ ስኪቦርድ ነው! በ2014 ስሎፕስታይል የተባለው፣ ዝላይና ትርኢት ያለበት የስኪ ውድድር በሶቺ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ ተወዳዳሪዎቹ እንደዚያ ያለ ባለ ሁለት ጫፍ ስኪ ተጫምተው ነበር!

መደበኛ ስኪ ሲወድቁ ከጫማዎ ተላቆ ይበራል። ብዙው የስኪቦርድ ማሰሪያ ግን አይላቀቅም! ስለዚህ ስኪቦርደሮች ጉልበታቸው ብዙም አይጎዳም፤ ቅልጥማቸው ግን በብዛት ይሰበራል! አንድ ዓይነት በረዶ፣ ሁለት ዓይነት ስብራት!

የስኪ ጠርዝ ብረት የሌለበት ጊዜ ነበር። እንጨቱ በግግር በረዶ ላይ ይንሸራተትና ሰውዬውን ገደል ይዞት ይሄዳል! ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ሌትነር በ1920ዎቹ የብረት ጠርዝ ገጠመለት። ያን ጊዜ ስኪ በረዶን መንከስ ጀመረ!

የስኪ የታችኛው ፊት ከምን እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? ሐኪሞች ሰው ሠራሽ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ከሚሠሩበት ፕላስቲክ! አንዱ ጉልበት ውስጥ ያገለግላል፣ ሌላው ጉልበት ይሰብራል!

ያ ፕላስቲክ ሰም ይቀባል። ዘመናዊው ሰም ፍሎሪን ያለበት ኬሚካል ነበር፤ ፍጥነቱ አስደናቂ! ግን ከአካባቢ አይጠፋም። ስለዚህ ከ2023 የውድድር ዘመን ጀምሮ በዓለም አቀፍ ፉክክር ታገደ። መርማሪዎች በመሣሪያ የስኪ ሆድ እየፈተሹ ነው!

ስኪ ውስጡ ምን አለ? እንጨት! አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ቀርከሃ! ከአፍሪካ አገሮች ብዙ ቀርከሃ ካላቸው አንዷ ማን ናት? ኢትዮጵያ! የጨንቻ ደጋም የቀርከሃ አገር ነው!

እዚያ የሚኖሩት ዶርዜዎች በዚያ ቀርከሃ ምን ይሠራሉ? ቤት ይሸምናሉ! አዎ፣ እንደ ቅርጫት ይሸምኑታል! አዲስ ሲሆን 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል፣ ኩምቢም አለው!

ምስጥ ደግሞ የቤቱን እግር ይበላል። ሲበላው ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ባለቤቱ የበሰበሰውን ይቆርጣል፣ ቤቱ ደግሞ ዝቅ ይላል! እያጠረ እያጠረ ብዙ አሥርት ዓመታት ያኖራል! ቦታ መለወጥ ካስፈለገም ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱ እንዳለ በትከሻ ይወሰዳል!

የድሮ ተንሸራታቾች ምርኩዝም ቀርከሃ ነበር! እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ የዓለም ሻምፒዮኖች ቀርከሃ ይዘው ሮጠዋል። ይህን ሳስብ የዶርዜ ቀርከሃ ጠራቢ አንድ የስኪ ኩባንያ በር ቢያንኳኳ እላለሁ!

ስኖውቦርድ የተወለደው በገና ቀን ነው! በ1965 ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ ልጆቹ ቤት ውስጥ አስቸገሩት። ወጣና ሁለት የልጆች ስኪ ጎን ለጎን አጣበቀ። ልጆቹ ቆመውበት ኮረብታውን ወረዱ! ስናርፈር ተባለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ውድድር ሁሉ ተዘጋጀለት! በ1998 ደግሞ የስናርፈር ልጅ ስኖውቦርድ ናጋኖ ኦሊምፒክ ገባ!

የዓለም ጥንታዊ ስኪ ስንት ዓመቱ ነው? ሩሲያ ውስጥ ቪስ በሚባል ስፍራ የተገኘው ስባሪ 8,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል! ከፒራሚዶች በሺዎች ዓመት ይቀድማል! ከሥሩ ደግሞ የአጋዘን ዓይነት እንስሳ ራስ ተቀርጾበታል። ጌጥም ነው፣ ፍሬንም ነው!

በ2014 ኖርዌይ ውስጥ ከቀለጠ በረዶ ሥር አንድ ስኪ ወጣ። ዕድሜው 1,300 ዓመት! እግር ማሰሪያው ሳይቀር አለ! አንዱ ብቻ ግን። ተመራማሪዎቹ ሰባት ዓመት ጠበቁ። በ2021 ወንድሙ ተገኘ፤ ከመጀመሪያው 5 ሜትር ርቀት ላይ! ከ1,300 ዓመት በኋላ ጥንዱ ተገናኘ!

ኢትዮጵያና በረዶ አይተዋወቁም ያለዎት ማን ነው? በአዱሊስ የቆመ የጥንት የድንጋይ ጽሑፍ ነበር። አንድ የአክሱም ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች መዝመቱን ያወራበታል። በረዶው ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት ነው ይላል! ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዘመን ባይገለብጠው ኖሮ ዛሬ አናውቀውም ነበር!

ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ የባሌና የአርሲ ተራሮች ጫፍ ግግር በረዶ ተጭኖት ነበር! ሰው ያኔ ይሸሻል? አልሸሸም! ፊንጫ ሀበራ በሚባል ዋሻ ሰዎች ይኖሩ ነበር። በረዶው እየቀለጠ የሚወርደውን ውኃ ይጠጣሉ፤ የባሌን ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበላሉ!

አሁን ይያዙ፤ ይኸኛው ያስደነግጣል። አበበ ቢቂላ በረዶ ላይ ማሸነፉን ያውቁ ኖሯል? የሮሙና የቶኪዮው አበበ! በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በ1971 በተሽከርካሪ ወንበሩ ኖርዌይ ሄደ። እዚያ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ የበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ውድድር ተሰለፈ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር! ተወዳዳሪዎቹ በረዶ ላይ የተወለዱ 16 ኖርዌያውያን! ማን ቀደመ? አበበ! ሰዓቱ 1፡16፡17! ማራቶኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ይህን ድል ግን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ሊማሩት ይገባል!

ሌላው የበረዶ ልጃችን ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ፤ እዚያ ስኪ ለመደ። በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ! የቡድኑ አባላት ስንት ነበሩ? አንድ! ሰንደቁን የተሸከመውም እሱ፣ የሮጠውም እሱ!

ሮቤል አዲስ አበባ ሲመጣ በምን ይለማመድ ነበር? ጎማ ባለው ስኪ! አስፋልት ላይ፣ ምርኩዝ ይዞ፣ በሚኒባስና በአህያ መካከል! ያየ ሁሉ ቆሞ ያፈጥ ነበር!

በ15 ኪሎ ሜትሩ ውድድር 83ኛ ወጣ። ትንሽ መሰለዎት? ከኋላው ሌሎች ተወዳዳሪዎችም ነበሩ! ከኋላው ማን ነበር ደግሞ? ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት! በሩጫው ዓለም የምናውቀው የኢትዮጵያና የኬንያ ፉክክር በጣሊያን በረዶ ላይ ተደገመ፤ የእኛው ቀደመ!

ሮቤል በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ሰንደቁን ይዞ ገባ። 93ኛ! ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ አልተሰለፈችም። ወንበሩ ባዶ ነው፤ የሚቀመጥበት ልጅ ይፈለጋል!

ፊሊፕ ቦይትን ካነሣን አይቀር! በ1998 ናጋኖ ላይ የመጨረሻ ሆኖ ሲገባ መስመሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ማን? ወርቁን ያሸነፈው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዳሊ! ሽልማቱን አቆይቶ ቦይትን አቀፈው። ቦይትም ልጅ ሲወልድ ዳሊ ብሎ ሰየመው! ኬንያ ውስጥ ዳሊ የሚባል ሰው አለ!

ከአፍሪካ ጥቁር ሕዝብ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ስኪ ተወዳዳሪ ሴኔጋላዊው ላሚን ጌይ ነው። ሳራዬቮ፣ 1984!

የናይጄሪያ ሴቶች ቡድን በ2018 ኦሊምፒክ የበረዶ ጋሪ ይዞ ገባ። ልምምዱን የጀመሩት በምን ነበር? ከእንጨት በእጅ በተሠራ ጋሪ! ቦታው ሂውስተን፣ ቴክሳስ! በረዶ እምብዛም የማይጥልበት ከተማ!

ኢትዮጵያ ውስጥ የእንጨት ጋሪ ያልሠራ ልጅ አለ? አንድ ሳንቃ፣ አራት አሮጌ ኩሽኔታ፣ አንድ ገመድ! አስፋልት ላይ ሲወርድ ጩኸቱ ሰፈር ይቀሰቅሳል! ቁልቁለት ባለበት ከተማ ሁሉ ያ ጩኸት አለ!

ስኬትቦርድ የሚባለው ባለ ጎማ ሳንቃ ጎማው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ግን ትንሽ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ብቻ! ልኩ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ቶኪዮ የተገዛ ኩሽኔታ አርባ ምንጭ ባለ ስኬትቦርድ ላይ ይገባል!

የስኬትቦርድ ጎማ ድሮ ከሸክላ ነገር ይሠራ ነበር! ጠጠር ላይ ሲወጣ ቀጥ ይላል፤ ልጁ ይበራል! በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ ወጣት ዩሪቴን የተባለ ፕላስቲክ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ስኬትቦርድ ጠጠር አይፈራም!

ሳንቃው ስንት ንብርብር ይመስልዎታል? ሰባት! ሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ተጣብቆ! ሰው ከደረጃ አናት ዘልሎ ያርፍበታል፤ በቀላሉ አይሰበርም!

እጅ ሳይነካው ስኬትቦርድ ከመሬት የሚያስነሣው ዝላይ ኦሊ ይባላል። በ1970ዎቹ መገባደጃ አለን ጌልፋንድ የተባለ ታዳጊ ፈለሰፈው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ገና የጀመረ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው!

የአዲስ አበባ ስኬት ፓርክ መቼ ተከፈተ? ሚያዝያ 2016! ኢትዮጵያ ስኬት የተባለው የወጣቶች ቡድንና ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የተባለው ድርጅት ተባብረው ሠሩት። የአገር ልጆችና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ሲሚንቶ አብረው አቦኩ! ከዚያ በፊት ልጆቹ የሚንሸራተቱት ባገኙት ደረጃና አደባባይ ነበር፤ አንዱን ሳንቃ ለብዙ ሆነው ይፈራረቁበት ነበር!

በ2020 ደግሞ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ የተባለ የሴቶች ቡድን ተመሠረተ! ሴት ልጅ መንገድ ላይ ሳንቃ ይዛ ስትበር ያየች እናት ምን ትላለች? መጀመሪያ ትደነግጣለች። ቀጥሎ ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች!

በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ጎዳና ስኬትቦርድ አሸናፊዎች ዕድሜ ስንት ነበር? 13፣ 13 እና 16! ወርቁን የወሰደችው ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበረች!

እነዚህ ልጆች ሁሉ ዝላያቸውን ያዩት በካሜራ ነው! ተንሸራታችና ካሜራ አይለያዩም፤ ከጥንትም አልተለያዩም!

የስኪ ፊልም በ1920 እንደ ተሠራ ያውቁ ኖሯል? ጀርመናዊው አርኖልድ ፋንክ ድምፅ አልባ ፊልም ይዞ ተራራ ወጣ። ካሜራውን በትከሻ፣ ሦስት እግሩን በጀርባ!

የ1969ኙ የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ያ የበረዶ ማባረር ትዝ ይልዎታል? የቀረጸው ቪሊ ቦግነር ነው። እንዴት? ወደ ኋላ እየተንሸራተተ! ካሜራውን በእጁ ይዞ! ስኪው ሁለቱም ጫፉ የተቀለበሰ ልዩ ስኪ ነበር! እንግዲህ ይታይዎት፤ ባለ ሁለት ጫፉን ስኪ ቀድሞ የፈለገው ዘላዩ አልነበረም፤ ቀራጩ ነበር!

ዋረን ሚለርን ያውቁታል? በ1946 ክረምት ሰን ቫሊ በተባለ የስኪ መንደር መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ትንሽ ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖር ነበር! ከምግብ ቤት ካቻፕ ወስዶ ፍል ውኃ ይጨምርበትና ሾርባ ይለዋል! በ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ ጓደኛውንና ራሱን ይቀርጻል። ይኸው ሰው በኋላ የዓለም ታላቁ የስኪ ፊልም ሠሪ ሆነ!

የሚለር የመጀመሪያ ፊልሞች ድምፅ አልነበራቸውም። ታዲያ ምን ያደርግ ነበር? አዳራሹ ውስጥ ቆሞ በአፉ ይተርክ ነበር! ከተማ ለከተማ እየዞረ፣ ማታ ማታ!

ሱፐር 8 የተባለው የ1965ቱ የቤተሰብ ካሜራ ፊልም አንዱ ካሴት ስንት ደቂቃ ይቀርጻል? ሦስት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ! ዝላዩ ካመለጠ አመለጠ!

ብርድ የካሜራ ጠላት ነው! ባትሪ ይገድላል፤ የድሮውን ፊልም ደግሞ እንደ ደረቀ ቅጠል ያሰባብረው ነበር። ልምድ ያላቸው ቀራጮች ባትሪውን ብብታቸው ሥር ይዘው ይወጣሉ!

ጎፕሮ የሚባለው ትንሽ ካሜራ ሲጀምር ዲጂታል አልነበረም! በ2004 የወጣው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚበላ ነበር! ፈጣሪው ኒክ ውድማን ገንዘቡን ያጠራቀመው ከመኪናው ውስጥ የዛጎል ቀበቶ እየሸጠ ነው!

የስኬትቦርድ ቀራጮች እስከ ዛሬ የሚሳሱለት ካሜራ የ1995 ነው! ሶኒ ቪኤክስ 1000! ካሴት ይበላል፣ ያረጃል፣ ይሰበራል፤ ግን አይለውጡትም! የሳንቃውን ድምፅ እንደሱ የሚይዝ የለም ይላሉ!

ቀራጩ ራሱ ስኬትቦርድ ላይ ቆሞ ዘላዩን ይከተላል! ጎማው ግን ለስላሳ ነው። ለምን? ድምፅ እንዳያሰማ! ሌንሱ ደግሞ የዓሣ ዓይን የሚባለው ክብ መስታወት ነው፤ ከዘላዩ እግር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይይዘዋል። ስንቱ ሌንስ በሳንቃ ተመትቶ ተሰበረ!

በበረዶ ፊልም ቀራጩ ተዋናዩን ደማቅ ልብስ ልበስ ይለዋል። በነጭ ላይ ቀይና ቢጫ ይጮኻል! የዶርዜ ባህላዊ ሸማ ዱንጉዛ ምን ቀለም ነው? ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር! ዱንጉዛ ሱሪ የለበሰ ስኪቦርደር ከተራራው ማዶ ይታያል፤ እኔ ይህን ፊልም ለማየት ጓጉቻለሁ!

ዶርዜ ውስጥ ድሩን ዘርግቶ የሚሸምነው ወንዱ ነው፤ ጥጡን የምትፈትለው ሴቷ ናት! አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሚገዙት ጥበብ ብዙው በጋሞ ሸማኔዎች እጅ ያለፈ ነው!

ፊልም ሙዚቃ ይፈልጋል። ለዚህም ጋሞ አላት! ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ የየራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ ግን አይጣላም! ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ጃኮብ በ1970ዎቹ ቀርጾ በሸክላ አሳተመው። የጋሞ ተራራ ዜማ ፓሪስ ተሸጠ!

በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲኒማ ሲገባ ሕዝቡ ቤቱን ምን አለው? የሰይጣን ቤት! ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ማን አይቶ!

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ረጅም ፊልም የ1960ዎቹ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። ጥቁርና ነጭ፣ 35 ሚሊ ሜትር!

ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በስንት ጊዜ ቀረጸው? በሁለት ሳምንት! ተዋናዮቹም በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ! በ1976 ዓለም አየው፤ ዛሬም የፊልም ተማሪዎች ያጠኑታል!

ፈረንሳዊው ካንዲድ ቶቬክስ በ2016 አንድ ፊልም ሠራ። ስኪ ተጫምቷል፤ በረዶ ግን የለም! ሣር ላይ ወረደ!  ነጭ ሣር ሜዳን አላየም እንጂ!

ኒካራጓ ውስጥ ሰዎች እሳተ ገሞራ ላይ በሳንቃ ይንሸራተታሉ! ሴሮ ኔግሮ በሚባል ጥቁር አመድ ተራራ! ልብሳቸው እንደ እስረኛ አንድ ዓይነት ቱታ፤ ዓይናቸው በመነጽር የተሸፈነ!

ሌሶቶ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የስኪ መንደር አለ! ሞሮኮ ውስጥም አለ! አፍሪካ በረዶ ላይ ትንሸራተታለች!

ኮፐንሃገን ደግሞ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ፋብሪካ ጣሪያ ላይ የስኪ ቁልቁለት ሠራች! በ2019 ተከፈተ። በረዶ የለውም፤ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው! አዲስ አበባስ? ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ከ2018 ጀምሮ አላት! ጣሪያው ግን ገና ባዶ ነው!

ወደ ካሜራው እንመለስ። በ1984 ስቴሲ ፔራልታ የተባለ ስኬትቦርደር ጓደኞቹን በቪዲዮ ቀርጾ ካሴቱን በየሱቁ በተነ። ልጆች ካሴቱ እስኪበጠስ አዩት! ይኸው ሰው በ2001 በሰንዳንስ ፌስቲቫል በዘጋቢ ፊልም ተሸለመ!

በ1991 ደግሞ ሌላ ወጣት «ቪዲዮ ዴይስ» የተባለ የስኬትቦርድ ቪዲዮ ቀረጸ። ስሙ ስፓይክ ጆንዝ! ሳንቃ የሚከተል ካሜራ ይዞ ጎዳና ለጎዳና የሮጠው ልጅ በ2014 ምን አገኘ? ለጻፈው ፊልም ኦስካር!